ስልኬ «13 ቫይረስ ተገኝቷል» እያለ እንቅልፍ ነሳኝ፣ ዳታም እየበላ ጨረሰኝ፣ ፍላሽ ላስደርገው እንዴ?

ልጅ ሳቢያን፦

ሰላም ጀመዓ፣ እንዴት ናችሁ፣ ሙቀቱስ እንዴት ይዟችኋል። እኔ ዛሬ የነደድኩት በሙቀት አይደለም በስልኬ ነው። ነገሩን ከስር ላስረዳችሁ፣ ከአራት ወር በፊት እዚህ ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ገብቼ አንድ አንድሮይድ ገዛሁ፣ አዲስ ነው ተባልኩ፣ ካርቶኑም ነበረው ስክሪኑ ላይ ያለው ላስቲክም ነበረው፣ እሱን ተዉት። ሦስት ወር ሙሉ ምንም ሳይለኝ ሰራ። ከዛ በቃ ለቀቀበት። ቁጭ ባልኩበት ጡ ጡ እያለ «ስልክህ ላይ 13 ቫይረስ ተገኝቷል አሁኑኑ አጽዳ» የሚል በእንግሊዝኛ ይልክልኛል፣ ቀይ የአደጋ ምልክት ምናምን አለው። እሱስ ይሁን፣ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ደሞ የሴት ልጅ ፎቶ ይዞ «3 መልዕክት አለህ» ይላል። ባለቤቴ አጠገቤ ተኝታ! ማናት ይቺ አለችኝ፣ እኔ ምን ብዬ ላስረዳት፣ ቫይረስ ነው አልኳት፣ አይ ስሙ ቫይረስ ነው እንዴ አለችኝ። እስካሁን እንደተኮራረፍን ነን ማለት ይቻላል።

ሁለተኛው ችግር ዳታ ነው። የሳምንት ጥቅል እገዛለሁ፣ በሦስተኛው ቀን አልቋል የሚል ሜሴጅ ይመጣል። እኔ ደሞ ፊልም ማውረድ ምናምን የለኝም፣ ፌስቡክ ትንሽ አያለሁ፣ የኳስ ውጤት አያለሁ፣ ቴሌግራም ላይ ደንበኛ ያናግረኛል (ጫማ ነው ምሸጠው)፣ በቃ ይሄው ነው።

ሦስተኛ ይግላል። እንቁላል ይጠብሳል ስላችሁ ቀልድ እንዳይመስላችሁ።

ትናንት አንድ ጥገና ቤት ወሰድኩት፣ ልጁ ገና ስክሪኑን ሳያበራው «ይሄ ፍላሽ ነው ሚያስፈልገው፣ 800 ብር፣ ውስጡ ያለው በሙሉ ይጠፋል» አለኝ። ፍላሽ ማለት ሲስተሙን ጠርጎ እንደ አዲስ መጫን ነው አሉ። ውስጡ የልጄ የመጀመሪያ ልደት ፎቶ አለ፣ ሌላ ቦታ አልገለበጥኩትም። እና ምን ትመክሩኛላችሁ፣ እውነት ቫይረስ ነው ወይስ? የሚያውቅ ሰው ቶሎ ይመልስልኝ፣ ይሄን ራሱ እየጻፍኩ ሁለቴ መጥቷል።

ባጃጅ በማለዳ፦

800?? ኧረ አቦ! እኔን 500 ነው ያስከፈሉኝ አምና፣ ያንተ ደሞ ጨመረ ማለት ነው 😂። ግን ወንድሜ ስማኝ፣ እኔም ያው 13 ቫይረስ ነበረብኝ፣ ፍላሽ አስደረግኩ፣ ስልኩ እንደ አዲስ ሆነ፣ ደስ አለኝ፣ ቅዳሜ ማታ ጨዋታ በነጻ የሚያሳየው ድረገጽ ላይ ገባሁ፣ እሁድ ጠዋት 13ቱም ቫይረስ ተመልሶ መጣ። አንድም አልጎደለም። ምን እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም፣ አሁን ለምጄዋለሁ፣ ሲመጣ ጠርጌ አጠፋዋለሁ።

የአሸዋው ጠጋኝ፦

ሁለታችሁም ተረጋጉ። እኔ ስልክ ጥገና ላይ 9 ዓመት ሆኖኛል፣ አሁን ቀን 7 ሰዓት ነው፣ ሱቁን እስከ 10 ዘግቼ ፋን ስር ተጋድሜ ነው ምጽፈው ስለዚ ረዘም ቢል አትቀየሙኝ።

መጀመሪያ፣ ቫይረስ አይደለም። ድረገጽ ብሎ ነገር ስልክህ ውስጥ ገብቶ ቫይረስ መቁጠር አይችልም፣ ብሮውዘሩ (ድረገጽ ምትከፍትበት አፕ፣ እንደ ክሮም) ድረገጹን አጥር ውስጥ አስገብቶ ነው ሚይዘው፣ ፋይልህንም ሌላ አፕህንም አያየውም። «ታዲያ የስልኬን ሞዴል እንዴት አወቀ» ይሉኛል ደንበኞች፣ እሱን ብሮውዘርህ ራሱ ነው ሚነግረው፣ ገጹ በስልክህ ልክ እንዲከፈት ተብሎ የተሰራ ነገር ነው፣ እነሱ ለማስፈራሪያ ተጠቀሙበት። ሲነዝርብህም እንደዛው ነው፣ ድረገጽ ስልክን ማንዘር ይችላል፣ ስለነዘረ ግን ገባ ማለት አይደለም። አንድ ሰው ከደጅ ቆሞ በርህን ቢያንኳኳና «ቤትህ ውስጥ 13 እባብ አለ» ቢልህ፣ ቤትህን አይቶ ነው ወይ የነገረህ?

እና ምንድነው? አንድ ቀን አንድ ገጽ ስትከፍት ትንሽ ሳጥን ብቅ ብላ «ኖቲፊኬሽን ልላክልህ?» ብላ ጠይቃሃለች፣ አንተ ደሞ ገጹ ቶሎ እንዲከፈትልህ ብለህ «አላው» የሚለውን ነክተሃል። አንዳንዱ ሌባ ገጽ ጭራሽ «ሮቦት አለመሆንህን ለማረጋገጥ አላው በል» ይላል። በቃ፣ ያቺ አንዲት ንክኪ ናት። ከዛ በኋላ ገጹን ዘግተኸው ብትሄድም ፈቃዱ ስላለው ቀንም ሌሊትም ማስታወቂያ ይልክልሃል። ባጃጁ ወንድሜ ያንተም ይሄው ነው፣ ፍላሽ ሲደረግ ፈቃዱ ጠፋ፣ ቅዳሜ ኳስ ልታይ ስትገባ ራስህ መልሰህ ሰጠኸው።

ማጥፋቱ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፣ በነጻ ነው። ያ ማስታወቂያ ሲመጣ አትክፈተው፣ አትጥረገውም፣ ጣትህን ጫን አድርገህ ያዘው። ከየት እንደመጣ ያሳይሃል፣ ላዩ ላይ ክሮም ይላል ከስሩ የድረገጹ ስም በትንሹ አለ፣ እዛው አጥፋው። ሌሎቹን በአንድ ላይ ለማየት ደሞ ክሮምን ክፈትና ከላይ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ንካ፣ ሴቲንግ፣ ሳይት ሴቲንግ፣ ኖቲፊኬሽን። አላው ያልካቸው በሙሉ ተደርድረው ይጠብቁሃል። የማታውቀውን ሁሉ አስወግድ። ከዛ ከላይ ያለችውን «ሳይቶች እንዲጠይቁ ፍቀድ» የምትለዋን ራሷን አጥፋት፣ ሁለተኛ ማንም አይጠይቅህም።

አሁን ደሞ ስለ ሙያ ጓደኞቼ። ያ ልጅ ስክሪኑን ሳያበራ ፍላሽ ካለህ ወይ ሰንፏል ወይ ቸኩሏል፣ ግን ሁሌ ሌብነት ነው አትበሉ። ስልክ ሎጎ ላይ ተገትሮ አልከፍት ሲል፣ ወይ ከስሩ ሲስተሙ ሲበላሽ ፍላሽ መደረጉ ግድ ነው። እውነተኛ ተባይ ያለበትም አለ። እሱን በዚህ ታውቀዋለህ፣ ብሮውዘሩን ዘግተህ ዋናው ስክሪን ላይ ሆነህ እንኳን ማስታወቂያው ሙሉ ስክሪን ሸፍኖ ከመጣ አፕ ነው። ብዙ ጊዜ ከቴሌግራም ቻናል የወረደ «ነጻ ምናምን» የሚባል ኤፒኬ (ከፕሌይ ስቶር ውጪ የሚጫን የአፕ ፋይል) ነው። እንደዛ ከሆነ ስልኩን ሴፍ ሞድ ላይ አስነሳው፣ ማጥፊያው ሲመጣልህ «ፓወር ኦፍ» የሚለውን ተጭነህ ስትይዘው ይጠይቅሃል (ባንዳንድ ስልክ ላይ አጀማመሩ ይለያል)። ሴፍ ሞድ ላይ ራስህ የጫንካቸው አፖች አይሰሩም፣ ማስታወቂያው እዛ ላይ ከጠፋ በቅርብ ከጫንካቸው አንዱ ነው ማለት ነው፣ መጨረሻ ከጫንከው ጀምረህ እየነቀልክ ሞክር። ፕሌይ ስቶር ውስጥም ፕሌይ ፕሮቴክት የምትባል አለች፣ ስካን በላት።

እና ምንም ነገር ከማስነካትህ በፊት የልጅህን ፎቶ ገልብጥ። ዛሬ። ኮምፒውተር ከሌለህ ሚሞሪ ካርድ ላይ፣ እሱም ከሌለህ የሚስትህ ስልክ ላይ። ከታረቃችሁ ማለቴ ነው።

ልጅ ሳቢያን፦

ወንድሜ እጅህ ይባረክ ወላሂ!! እንዳልከው ገባሁ፣ 11 ድረገጽ ተደርድሮ አገኘሁ። አስራ አንድ! ስማቸው ራሱ ሰው የጻፈው አይመስልም፣ ድመት ኪቦርድ ላይ የሄደችበት ነው ሚመስለው። ሁለቱን ብቻ ነው ማውቃቸው፣ የቀሩት የኔ አይደሉም ብዬ ልምል ስል የእህቴ ልጅ ትዝ አለኝ። 9 ዓመቱ ነው፣ ምሳ በልተን እኔ ጋደም ስል ስልኬን ይወስዳል፣ «አጎቴ ጌም ላውርድ» ይላል፣ እኔ በእንቅልፍ ልቤ እሺ እላለሁ። ጠራሁትና «አላው የሚል ነገር ስታይ ምን ታረጋለህ» አልኩት። «እነካዋለሁ» አለኝ። «ለምን?» «ካልነካሁት አይከፍትም።» ምን ትለዋለህ።

ሁሉንም ነቀልኳቸው፣ ከነቀልኳቸው ሦስት ሰዓት አለፈ፣ ጡ የሚል ነገር የለም። ለባለቤቴ አሳየኋት፣ ዝርዝሩን አንብባ ዝም አለች፣ እሱ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ዳታውስ? እሱም ከዚህ ነው እንዴ?

የፈረስ መጋላዋ፦

ከሐረር ነው ምጽፈው፣ ቀዝቀዝ ያለ ሰላምታ ይድረሳችሁ የድሬ ሰዎች 😌

ዳታው ከማስታወቂያው ጋር ብዙም አይገናኝም፣ እነዛ ትንንሽ ነገሮች ናቸው። ዝም ብለህ ከመገመት ስልክህን ጠይቀው፣ ሴቲንግ ግባ፣ ኔትወርክ የሚለው ውስጥ ዳታ ዩዜጅ የሚል አለ፣ የትኛው አፕ ምን ያህል እንደበላ በቅደም ተከተል ይነግርሃል። እኔ ከመክፈትህ በፊት ልገምትልህ፣ ጫማ ሻጭ ነኝ ብለሃል፣ ቴሌግራም ነው አንደኛ የሚወጣው።

እንዴት አወቅሽ በለኝ። እኔም እንደዛ ስለነበርኩ። የኔ ጥፋት ምን ነበር መሰለህ፣ የቤተሰብ ግሩፕ አለን፣ 140 ሰው ያለበት፣ ሐረር፣ ድሬ፣ አዲስ አበባ፣ ጂዳ፣ ቶሮንቶ ተበትኖ ያለ ዘመድ ሁሉ። አንድ ሰው ሰርግ ካለ ቪዲዮ በቪዲዮ ያረጉታል፣ ሙሽራዋ ስትገባ ከአስር ሰው ስልክ በአስር አቅጣጫ ይላካል። እኔ አንዱንም አልከፈትኩም፣ ግን አውቶማቲክ ዳውንሎድ በርቶ ስለነበር ስልኬ ቁጭ ብሎ አንድ በአንድ ያወርድልኝ ነበር። የሰው ሰርግ በኔ ጥቅል! ቴሌግራም ውስጥ ሴቲንግ ግባና ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ የሚለው ውስጥ «በሞባይል ዳታ ሲሆን» የሚለውን አጥፋው። ሙሉ በሙሉ ማጥፋት ካልፈለግክ ደሞ ፎቶን ተወውና ቪዲዮና ፋይልን ብቻ አጥፋ፣ አንተ ደንበኛ የጫማ ፎቶ ስለሚልክልህ። ፌስቡክም ላይ ቪዲዮ ራሱ እንዳይጀምር ማድረግ ይቻላል፣ ኦቶፕሌይ የምትለዋን ፈልግ። ፕሌይ ስቶር አፖችን በዋይፋይ ብቻ እንዲያድስ አርገው።

ድረገጽ ለማንበብ ብቻ ከሆነ ደሞ ኦፔራ ሚኒ የሚባል ብሮውዘር አለ፣ የድሮ ነው ብለህ አትናቀው። ኖርዌይ ውስጥ ነው የተሰራው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር በ2005 እና 2006 አካባቢ ለትንንሾቹ ባለ ቁልፍ ስልኮች ነበር ያወጡት። አሰራሩ ይገርማል፣ ገጹን በቀጥታ ስልክህ አይደለም ሚያመጣው፣ መጀመሪያ የነሱ ሰርቨር (ትልቁ ኮምፒውተራቸው) ያመጣዋል፣ ፎቶውን ይጨምቀዋል፣ ትርፍ ትርፉን ይጥለዋል፣ ከዛ ቀለል ያለውን ላንተ ይልካል። እስከ 90 በመቶ ዳታ ይቆጥባል ይላሉ ራሳቸው። አንድ ነገር ብቻ፣ መሀል ላይ ሌላ ሰርቨር ስላለ በጣም በሚጨምቀው ሞድ ላይ ሆነህ የባንክ ነገር አትክፈትበት፣ ገጹም ብዙ ጊዜ ተበላሽቶ ነው ሚመጣው። ለወሬ፣ ለኳስ ውጤት፣ ለዜና ግን አንደኛ ነው። ክሮምም ላይት ሞድ የሚባል እንደዚሁ ዳታ ሚቆጥብ ነበረው፣ በ2022 በፈረንጅ መጋቢት ላይ አጠፉት፣ ስለዚ «ከዚ ግባና አብራው» የሚል የድሮ ቪዲዮ አይተህ ፍለጋ እንዳትደክም፣ የለም።

የ12ኛ ክፍል ውጤት የወጣ ጊዜ እኔን ያዳነኝ ኦፔራ ሚኒ ነው ብዬ ላሞግሰው ነበር ግን እውነቱን ልናገር፣ አላዳነኝም። ውጤቱ የሚታይበት ገጽ ሀገር ሙሉ ተማሪ በአንድ ጊዜ ገብቶበት ነጭ ሆኖ ቆመ፣ እኔም እናቴም አክስቴም በሦስት ስልክ ሪፍሬሽ ሪፍሬሽ ስንል አመሸን፣ እንደዛ ሲሆን ስልክህ ምንም ቢሆን ለውጥ የለውም፣ ሰርቨሩ ነው የተጨናነቀው። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ነው የከፈተልኝ፣ ሁሉም ሲተኛ። ሪፍሬሽ ባረግክ ቁጥር ደሞ ዳታህ ይሄዳል፣ እሱን ያኔ አላወቅኩም ነበር።

ባጃጅ በማለዳ፦

«ቀዝቀዝ ያለ ሰላምታ» ብላ ጀመረች አየሃት 😂 ሐረሮች በብርዳችሁ መመጻደቅ አትተዉም

እኔም ገባሁና አየሁት፣ 7 ድረገጽ። ጠረግኩት። አንድ ዓመት ሙሉ ከቫይረስ ጋር ነው ምኖረው ብዬ ነበር። 500 ብሬስ?

ስለ ዳታ አንድ ነገር ልጨምር፣ ሁለት ሲም ያላችሁ ተጠንቀቁ። በእኛ አቆጣጠር በ2014 ነሐሴ ሳፋሪኮም ሙከራውን ከሀገሩ ሁሉ መጀመሪያ እዚህ እኛ ድሬ የጀመረ ጊዜ እኔም እንደ ሰው በ07 የሚጀምረውን ሲማቸውን አወጣሁ፣ ከዛ ወዲህ ሁለቱንም ይዤ ነው ምዞረው። እና አንድ ቀን ጥቅል የገዛሁት በአንዱ ሲም፣ ዳታ ተመርጦ የተቀመጠው ደሞ በሌላው ሲም፣ ስልኩ ሲም በራሱ እንዲቀያይር የምትፈቅድ ነገርም በርታ ኖሯል፣ ጥቅሉ ሙሉ እያለ ሂሳቤ ሲቆረጥ ዋለ። የራሴ ዝርክርክነት ነው። ጥቅል ከመግዛታችሁ በፊት ዳታው በየቱ ሲም እንደሆነ እዩ።

ጋሽ ከዚራ፦

ልጆቼ እንደምን ዋላችሁ። ጨዋታችሁ ጥሩ ነው፣ አነበብኩት። እኔ ጡረተኛ ነኝ፣ ይህን ሁሉ ዳታ አልጠቀምም፣ ግን ከወሬያችሁ ጋር የሚሄድ ከሆነ አንድ ጥያቄ ልጠይቅ። አዲስ አበባ ላለችው ልጄ አጭር መልዕክት በአማርኛ ስጽፍላት ሂሳቡ ሁለት ሦስት እጥፍ ይቆርጥብኛል፣ በእንግሊዝኛ ፊደል «እንደምን ነሽ» ብዬ ስጽፍ ግን አንድ ብቻ ይቆርጣል። በቋንቋችን ስለጻፍን ነው የምንቀጣው? በእኛ ጊዜ ቴሌ ቢሮ ሄደን ተሰልፈን ነበር አዲስ አበባ የምንደውለው፣ ያን ጊዜ እንኳ በአማርኛ ብናወራ በእንግሊዝኛ ብናወራ ዋጋው አንድ ነበር።

መምህር ነኝ ከሐረማያ፦

ጋሼ እንደምን ዋሉ። ጥያቄዎ ቀልድ ይመስላል ግን እውነት አለው፣ ቅጣት አይደለም ግን ውጤቱ እንደ ቅጣት ነው። አጭር መልዕክት ድሮ ሲሰራ ለላቲን ፊደል ታስቦ ነው፣ አንዱ መልዕክት 160 የላቲን ፊደል ይይዛል። አንድ የግዕዝ ፊደል እንኳ ከገባበት ግን መልዕክቱ በሙሉ ወደ ሌላ አጻጻፍ ይቀየርና ልኩ ወደ 70 ፊደል ይወርዳል። ከ70 ካለፈ ደሞ ይቆራረጣል፣ እያንዳንዱ ቁራጭ 67 ፊደል ነው ሚይዘው፣ ሦስቱ ቦታ ቁራጮቹን መልሶ ለማያያዣ ይሄዳል። ስለዚህ እርስዎ 150 ፊደል በአማርኛ ቢጽፉ ሦስት መልዕክት ነው ሚቆጠረው፣ በላቲን ቢሆን አንድ። ባዶ ቦታውም እንደ ፊደል ይቆጠራል።

ለእርስዎ ጥሩው ነገር የእኛ አንድ ፊደል አናባቢዋን ይዛ ነው ምትሄደው፣ «ሰላም» በእኛ ሦስት ፊደል ነው በላቲን አምስት። ስለዚህ ልዩነቱ 160 ለ70 ይምሰል እንጂ እንደዛ ያህል አይከፋም። ስልክዎ ሲጽፉ ጥጉ ላይ ቁጥር እየቀነሰ ያሳይዎታል፣ እሱን እያዩ ይጻፉ።

በዳታ ሲሆን ግን አይጨነቁ። የግዕዝ ፊደል በ1999 በፈረንጅ ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች የዓለምን ፊደላት የሚለዩበት የጋራ ዝርዝር) ውስጥ ከገባ ወዲህ ድረገጽ ላይ አንድ ፊደል 3 ባይት ነው ሚወስደው፣ ላቲን 1። ሦስት እጥፍ ሲባል ያስደነግጣል፣ ግን 2000 ፊደል ያለው አንድ ሙሉ ገጽ ጽሁፍ 6 ኪሎባይት ነው፣ በስልክ የተነሳች አንዲት 3 ሜጋባይት ፎቶ ደሞ የዚህ 500 ገጽ ታክላለች። ጥቅል የሚበላው ጽሁፍ ሆኖ አያውቅም። ለልጅዎ በቴሌግራም ቢጽፉላት አንድ ብር እንኳ ዳታ ሳይፈጅ ሙሉ ደብዳቤ ይደርሳታል።

ጋሽ ከዚራ፦

እግዜር ይስጥልኝ መምህር። 150 ፊደል ሦስት መልዕክት፣ አሁን ገባኝ። ልጄ «አባዬ አሳጥር» ስትለኝ ሰላምታ የሰለቻት መስሎኝ ነበር። ቴሌግራሙን የልጅ ልጄ ቅዳሜ ሲመጣ ያስገባልኛል።

ልጅ ሳቢያን፦

ጋሼ ቅዳሜን ምን አስጠበቀዎት፣ ከዚራ ከሆኑ እኔ ሰኞ በዛ ነው ማልፈው፣ እኔ አስገባልዎታለሁ፣ ሻይ ያስጠጡኛል 🙏

የፈረስ መጋላዋ እውነትሽን ነው። ገብቼ አየሁት፣ ቴሌግራም አንደኛ፣ 6 ነጥብ 4 ጂቢ! ጥፋቱ የራሴ ነው ለካ፣ ለጫማ ብዬ ሰላሳ ምናምን የጅምላ ነጋዴዎች ግሩፕ ውስጥ ገብቻለሁ፣ ቀን ከሌት የጫማ ቪዲዮ ነው ሚለቁት፣ አላየሁትም ግን ሁሉንም አውርጄዋለሁ። ስልኬ 64 ጂቢ ነው፣ ሊሞላ ትንሽ ቀርቶት ነበር፣ «ለምን ይንቀራፈፋል» ስል የከረምኩት ለዚህ ነው ማለት ነው? ካሹን (ቴሌግራም አውርዶ ያከማቸውን) አጸዳሁት።

አሁን የቀረኝ ግለቱ ነው።

የአሸዋው ጠጋኝ፦

አዎ፣ ስቶሬጅ ጢም ካለ ስልክ ይንቀራፈፋል፣ ትንሽ መተንፈሻ ተውለት።

ግለቱ ላይ ግማሹ ያው ማውረዱ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ቪዲዮ ሲያወርድ ቺፑም ባትሪውም አያርፍም። ኔትወርክ ደካማ የሆነበት ቤት ውስጥ ከሆንክም ስልኩ አንቴናውን ለማግኘት ኃይል ጨምሮ ስለሚጮህ ይግላል ባትሪም ይጨርሳል። ሌላው ግማሽ ግን ድሬዳዋ ነው በቃ። አይፎን የሚሰሩት ራሳቸው ስልኩን ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ባለ ቦታ ተጠቀሙ ነው ሚሉት፣ እኛ ጋ ግንቦትና ሰኔ ላይ ጥላ ስር ራሱ ከ35 ያልፋል፣ ስለዚ ስልኩ ስራ ሳይጀምር ወሰኑን ጨርሷል ማለት ነው። በዚህ ሰዓት ቻርጅ ላይ ሰክተህ አትጠቀም፣ ቻርጅ ሲደረግ ጥቁር ወፍራም ከቨሩን አውልቅለት፣ ትራስ ስር አታድርገው። ቻርጅ አልቀበልም ብሎ ካቆመ ተበላሸ ብለህ አትሩጥ፣ ባትሪውን ለማዳን ራሱ ነው ያቆመው፣ ሲበርድ ይቀጥላል። ባጃጅ ነጂዎች ደሞ መስታወቱ ላይ በጸሐይ ትሰቅሉታላችሁ ከዛ ባትሪው ሲያብጥ እኔ ጋ ትመጣላችሁ። ያበጠ ባትሪ ካያችሁ ደሞ ቻርጅ አታድርጉት አትጫኑት፣ በቃ ይቀየራል።

ፍሪጅ ውስጥ ደሞ እንዳትከቱት!! ባለፈው ሳምንት አንድ ሰው ከቲማቲም ጋር አስቀምጦት መጣ። ከቅዝቃዜ ወደ ሙቀት ሲወጣ ውስጡ ላብ ይይዛል፣ ውሃ ማለት ነው፣ ያንን እኔም አላድነውም።

ባጃጅ በማለዳ፦

መስታወት ላይ የሰቀልኩትን አየኸኝ እንዴ ዋርያ 😳 አወረድኩት

የፈረስ መጋላዋ፦

ሐረር አምጡት እኛ ጋ፣ ደንገጎን ስትወጡ ራሱ ይበርዳል። ዳገቱ ላይ ግን አትደውሉ፣ ኔትወርኩ ሄድ መጣ ይላል።

ልጅ ሳቢያን፦

የመጨረሻ ሪፖርት። ሰባት ቀን ሆነ፣ ያው የሳምንት ጥቅል ነው የገዛሁት፣ ዛሬ ሊያልቅበት ሰዓታት ሲቀሩት 1 ጂቢ ምናምን ተርፎኛል። ፎቶዎቹን በሚሞሪ ካርድም በባለቤቴ ስልክም ገልብጫለሁ። ስገለብጥ ከሷ ጋር የልደቱን ቪዲዮ አብረን አየን፣ እሱ ነገሩን አለዘበው። ጋሽ ከዚራ ቤት ሄጄ ቴሌግራም አስገባሁላቸው፣ ሻይ ብቻ አይደለም ፉልም በላሁ፣ ለልጃቸው የመጀመሪያውን መልዕክት ሲጽፉ አርባ ደቂቃ ፈጀባቸው፣ ከ150 ፊደል በላይ ነበር።

የእህቴ ልጅ ስልኩን ሲጠይቀኝ አሁን ፓስወርድ አለው። ትናንት ምሳ ላይ ጋደም እንዳልኩ ጣቴን ቀስ አድርጎ ይዞ ወደ ስክሪኑ ሲያስጠጋ ነው የነቃሁት።